«የአሸናፊዎች ፍርድ» ያለ ሁሉ ወዳጃችን አይደለም፦ ስለ ሞሪስ ባርዴሽና ስለ መጽሔቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያነሣቸውን ሁለት ገጾች በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «መምህር፣ ይህ ሰውዬ እኮ የእኛን ብሶት ነው የሚናገረው» ብሎ ጽፎበታል። ሰውዬው ፈረንሳዊው ፋሺስት ጸሐፊ ሞሪስ ባርዴሽ ነው። ገጾቹ ደግሞ የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግ ችሎት አሸናፊዎች በተሸናፊዎች ላይ የተቀመጡበት ሸንጎ አድርገው የሚያቀርቡ ናቸው።

ፈረንሳይኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህን አባባል ከአገሬ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በሰማሁ ቁጥርም ደሜ ይፈላል። ስለ ባርዴሽና እሱ ለሠላሳ ዓመት ስለመራው «ዴፋንስ ደ ሎክሲዳን» ስለተባለው መጽሔት (ትርጉሙ «ምዕራብን መከላከል» ነው) ሰው የሚስታቸውን ነገሮች ላቃና። «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

«ባርዴሽ ፈረንሳይ ከናዚዎች ነጻ ከወጣች በኋላ የተረሸነው ጸሐፊ ነው።» አይደለም። የተረሸነው የሚስቱ ወንድም ሮቤር ብራዚያክ ነው፤ ከጀርመኖች ጋር የተባበረው «ዠ ስዊ ፓርቱ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው። ታዋቂዎቹ ደራስያን ሞሪያክና ካሙ ሳይቀሩ የምሕረት አቤቱታ ፈርመውለት ነበር፤ ደጎል አልተቀበለም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 በሞንሩዥ ምሽግ ተገደለ። ባርዴሽ ግን እስከ 1998 ኖሯል።

«ያልተማረ ጋጠወጥ ነበር።» ይህም ስህተት ነው። በደራሲው ባልዛክ ላይ የተመራመረ፣ በሶርቦንና በሊል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። አጻጻፉ ያምራል። ተማሪዎቼም የሚጠለፉት በዚሁ ነው።

«መጽሔቱ በድብቅ ይታተም ነበር።» በግልጽ ነበር የሚወጣው፣ ከዲሴምበር 1952 እስከ 1982። ባርዴሽ የተፈረደበት ከመጽሔቱ በፊት፣ በ1948፣ ኑረምበርግን በመቃወም ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ የጦር ወንጀልን አወድሷል ተብሎ። የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት በ1954 ጥቂት ሳምንት ከታሰረ በኋላ ፕሬዚዳንት ኮቲ ይቅርታ አደረጉለት።

«የለፔን ፓርቲ ልሳን ነበር።» የለፔን ቀኝ አክራሪ ፓርቲ፣ ብሔራዊ ግንባር፣ የተመሠረተው በ1972 ነው፤ መጽሔቱ ሃያ ዓመት ይቀድመዋል። ግንኙነት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፍራንሷ ዱፕራ የፓርቲው ዋነኛ ሰው ሆኖ፣ በማርች 1978 መኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ።

«ያው የቀዝቃዛው ጦርነት ፀረ ኮሚኒስት መጽሔት ነው።» ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ፀረ ኮሚኒስት መሆን ብርቅ አልነበረም፤ ሶሻሊስቱም ካቶሊኩም ጋዜጣ ነበረው። ባርዴሽ የሚመኘው ሞስኮንም ዋሽንግተንንም የማይከተል አውሮፓ ነበር። ለዚህም በሜይ 1951 ስዊድን ውስጥ ማልሞ ላይ፣ በስዊድናዊው ፋሺስት ፔር ኤንግዳል ጋባዥነት ከተሰበሰቡት የየአገሩ ፋሺስቶች አንዱ ሆነ። የኢጣሊያኑ ኤም ኤስ አይም እዚያ ነበር፤ የሙሶሊኒ የመጨረሻ መንግሥት አገልጋዮች በ1946 ያቋቋሙት ፓርቲ። ይህን ፓርቲ አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ከካምፕ የተረፈ ሰው ራሱ መስክሯል፣ የጋዝ ክፍል የሚባል ነገር የለም ብሏል።» ስሙን ሳይጠሩ የሚያነሡት ፖል ራሲኒየን ነው። ሶሻሊስት ነበር፣ ጀርመኖች ይዘው ወደ ቡከንቫልድና ወደ ዶራ ልከውታል፤ መከራውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ጀርመን ውስጥ የነበሩ የግዳጅ ሥራ ካምፖች ናቸው። አይሁድ በጋዝ ያለቁባቸው ኦሽዊትዝ፣ ትሬብሊንካና ሶቢቦር በተያዘችው ፖላንድ ነበሩ፤ ራሲኒየ አንዱንም አላያቸውም። ሰው ስላልሄደበት ቦታ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ይህን ለመረዳት ታሪክ መማር አያስፈልግም፣ የዕድር ሽማግሌም ያውቀዋል። ባርዴሽ ግን መጽሐፎቹን አሳተመለት፣ መጽሔቱንም ከፈተለት። ከዓመታት በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሮቤር ፎሪሶን ያንኑ ክህደት ይዞ ሲመጣ፣ በጁን 1978 ጽሑፉ የወጣው በዚሁ መጽሔት ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው «ለ ሞንድ» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ዲሴምበር ላይ ካተመለት ጽሑፍ ነው፤ መንገዱ ግን አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር።

አሁን ተማሪዬ ወደላከልኝ ገጾች ልመለስ። «ኑረምበርግ የአሸናፊዎች ፍርድ ነው ያለ ሰው፣ ኑረምበርግ የዘለለን የእኛ ጠበቃ ነው» የሚለው ሐሳብ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ የሚመጣው ከእውነተኛ ቁስል ስለሆነ።

ቁስሉን እኔም አውቀዋለሁ። ኢጣሊያ በመርዝ ጋዝ ፈጅታናለች፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ አርዳለች፤ ለዚህ ግን ኑረምበርግን የመሰለ ችሎት አልተሰየመም። በ1948 ኢትዮጵያ ለንደን ለሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ሰዎችን ስም አቀረበች። አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡልንም። ግራዚያኒን አገሩ በ1950 19 ዓመት ስትፈርድበት ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበር ነበር እንጂ የእኛ ደም አልነበረም፤ ጥቂት ወር ታስሮ ወጣ።

እንግዲህ አስተውሉ። በዚያው በ1948 ባርዴሽ ፓሪስ ላይ ያንን መጽሐፍ አወጣ። በእሱ አባባል የካምፖቹ ማስረጃ የተጣመመ ነው፣ ከሞቱትም ብዙዎቹን የጨረሳቸው ረሃብና በሽታ ነው፣ ጦርነቱንም ያመጡት አይሁድ ራሳቸው ናቸው። እኛ «ለምን አልተከሰሱም?» ብለን ስንጮኽ፣ እሱ «ለምን ተከሰሱ?» ይል ነበር። እኛ የፈለግነው ችሎቱ እንዲሰፋ ነው፤ እሱ የፈለገው እንዲፈርስ።

ኤም ኤስ አይን አስታውሱልኝ ብዬ ነበር። የባርዴሽ መጽሔት በወጣ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1953፣ ያ የማልሞ ወዳጁ ፓርቲ ግራዚያኒን የክብር ፕሬዚዳንት አደረገው።

የመጽሔቱ ስምም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ አንሪ ማሲስ በ1927 በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ ያኔ ምዕራብ የሚጠበቀው ከእስያና ከሩሲያ ብቻ አይደለም፣ ከጀርመንም ጭምር ነበር። ባርዴሽ ግን ከጀርመን ጋር ቆሞ ያንኑ ስም ተጠቀመበት። በመካከሉ ደግሞ እኛ አለን። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ መረብን ተሻግራ አድዋን በአውሮፕላን ደበደበች፣ አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። በማግስቱ ቀን በ«ለ ታን» ጋዜጣ ላይ ማሲስ ያዘጋጀው የፈረንሳይ ምሁራን መግለጫ ወጣ። ርዕሱ ምዕራብን ስለ መከላከልና ስለ አውሮፓ ሰላም ነው። ኢጣሊያ እንዳትቀጣ ይማጸናል፤ የበላዩንና የበታቹን፣ የሠለጠነውንና አረመኔውን እኩል የሚያደርግ ሕግ የሐሰት ሕግ ነው ይላል። የንጉሣዊ ሥርዓት አቀንቃኙ ጸሐፊ ሞራስ ፈርሞበታል። ብራዚያክም፣ ያ ባርዴሽ ዕድሜውን ሙሉ ያለቀሰለት አማቹ፣ ፈርሞበታል። ፈረንሳይ ውስጥ የተቃወሟቸው ምሁራን አልጠፉም፣ ካቶሊኮችም ጭምር፤ ስለዚህ «ዘመኑ ነው» ማለት አያዋጣም።

ለተማሪዬ ይህን በስልክ መንገር አልፈለግሁም። ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር ቀጠርኩትና የመግለጫውን ቅጂ ሰጠሁት። የተረሸኑትና የሚያለቅሱት ከተቀረጹበት ፊት ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ ሲያነብ አየሁት።

ለሌሎቻችሁም የምመክረው ይኸው ነው። ሁለት ገጽ ብቻ ቆርጦ የላከላችሁን ሰው ሙሉውን ጠይቁት። ማን እንዳሳተመው፣ ጸሐፊው ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ። ስለ ፍርድ ግፍ የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥማችሁ የሞቱትን ስንት ጊዜ እንዳነሣ ቁጠሩ፤ ገዳዮቹን ብቻ እያነሣ ከሆነ ጽሑፉ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። የፈረንሳይኛ አስተማሪዎችም፣ ያማረ ዓረፍተ ነገር ለልምምድ ስትሰጡ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አብራችሁ ንገሩ። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ጊዜ የብራዚያክን ግጥም ያለ ምንም ማብራሪያ ክፍል ውስጥ አስነብቤአለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከተማሪዬ ጋር አሁን መግለጫውን ወደ አማርኛ እየመለስነው ነው። ኢትዮጵያን የሚጠራበት ሐረግ ላይ ቆመናል፤ የነገዶች ድብልቅ ይለንና «ኢንኩልት» የሚል ቅጽል ይጨምርበታል። እኔ «ያልሠለጠኑ» ብዬው ነበር። እሱ ግን ፈረንሳዮች ታርሶ የማያውቅ መሬትንም በዚሁ ቃል እንደሚጠሩ መዝገበ ቃላት ገልጦ አሳየኝ። «መምህር፣ ጠፍ ነው ያሉን» አለኝ፤ እንደዚያው ጻፍነው።