«ሰው የለኝም»፦ መከራ ለምን በዛ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንዲት እናት ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ላጽናናት ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ካልሲ ይዛለች፤ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ካልሲ። ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ ደግሞ ታጥፈዋለች። እኔም ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩ፦ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ስለወደደው ነው የወሰደው።» ቀና ብላ አየችኝና «እኔስ አልወደው ኖሯል?» አለችኝ።

ምንም አልመለስኩላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ይህ ሁሉ መከራ ለምን?» ለሚል ሰው አፌን ከመክፈቴ በፊት ያ ካልሲ ይታየኛል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንስማማ፤ «ለምን» ማለት ክህደት አይደለም። ነቢዩ ዕንባቆም «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ብሎ ነው መጽሐፉን የሚጀምረው። ኢዮብን ስናነሣ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የምትለዋን ቶሎ እንጠቅሳለን፤ ምዕራፍ 1 ላይ ናት። ሁለት ምዕራፍ አልፎ ይኸው ጻድቅ የተወለደባትን ቀን እንደረገመ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ራሱ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል። ጌታ በአፉ የተናገረውን ቃል ያዘነ ሰው ቢደግመው ልንቆጣው አይገባም።

ታዲያ መከራ ከየት መጣ? የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ እንዳልሆነ ባስተማረበት ስብከቱ ክፋትን በዕውርነት ይመስለዋል። ዓይን ተፈጥሯል፤ ዕውርነት ግን አልተፈጠረም፣ ዓይን ሲጠፋ የሚመጣ ጉድለት ነው። ክፋትም እንዲሁ መልካሙ ሲጎድል የሚታይ ባዶነት ነው። ሰው ነጻ ሆኖ ተፈጠረ፤ በነጻነቱም ከሕይወት ምንጭ ራቀ፤ ሞትም ገባ። ጦርነትን፣ ግፍን፣ የደሀ ጉሮሮ ነጥቆ መብላትን በዚህ መረዳት አይከብድም። በገዛ እጃችን ሠርተነው «እግዚአብሔር የት ነበር?» እያልን የምንጠይቀው መከራ ከምናስበው በላይ ብዙ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥስ? ክፉ ደጉን ሳይለይ በሕመም የሚሞት ሕፃንስ? እዚህ ላይ ሰባኪዎች ፈጠን ብለን እናልፋለን፤ እኔም ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8፥22 ፍጥረት ሁሉ አብሮ በመቃተትና በምጥ እንዳለ ይነግረናል። የሰው ውድቀት ምድርንም ነክቷታል፤ ጩኸቷ ግን የምጥ ጩኸት ነው፣ መጨረሻው መውለድ ነው። ይህ ለዓለሙ ሁሉ የተሰጠ ተስፋ ነው። «የእኔ ልጅ፣ በዚያ ሌሊት፣ ለምን?» ላለች እናት ግን ዝርዝር መልስ አልተጻፈልንም።

እኛ ግን ያልተጻፈውን መሙላት እንወዳለን። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ነው። ሰውዬው እዚያው ነው፤ ዓይኑ ባያይ ጆሮው ይሰማል። ጌታ ሁለቱንም ግምት ዘጋው፤ ዓይኑንም አበራለት። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜም እንዲሁ ነው። እነዚያ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና ጣቱን ከሟቾቹ አንሥቶ ወደ ሰሚዎቹ መለሰው፤ እናንተ ንስሐ ግቡ አላቸው።

አዎ፣ ለ38 ዓመት የታመመውን መጻጉዕን ጌታ «ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል። ይህን ጥቅስ ይዞ የታመመውን ሁሉ «ምን ሠርተህ ነው?» የሚል አለ። ያንን ቃል የተናገረው ግን ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር ጌታ ነው፤ እሱም የተናገረው ከፈወሰው በኋላ ነው። እኛ ልብ አንመረምር፣ አልፈወስን፤ በምን አፋችን እንናገራለን? ደግሞ መጻጉዕ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲባል ምን ብሎ እንደመለሰ አስተውሉ። ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ሰው የለኝም» አለ። 38 ዓመት ሙሉ በዙሪያው ሕዝብ እየተጋፋ፣ ሰው የለኝም!

የኢዮብ ወዳጆች ሲጀምሩ ሰው ነበሩ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆምን ብለው ተከራከሩ፣ ኢዮብን ወነጀሉ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ያ ሁሉ ሲያማርር የነበረው ኢዮብ ደግሞ እንዲጸልይላቸው ታዘዘ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ እናት ትዝ ትለኛለች።

ቅዱስ ባስልዮስን ያነሣሁት ለትምህርቱ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ369 ዓ.ም. አካባቢ በቂሣርያ ጽኑ ረሀብ ገባ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንደጻፈው፣ ባስልዮስ ባለጠጎችን በቃሉ ገሥጾና ለምኖ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ የተራቡትን ሰብስቦ፣ የወጥ ድስት አስጥዶ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ዝቅ ብሎ አገለገላቸው። «እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አይደለም» የሚለውን ስብከት እኔ የማምነው ከዚያ ድስት ጋር ሳነበው ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በስደት ሳለ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ብርዱን፣ ጢስ የሞላበትን ክፍል፣ ትውከቱን፣ ራስ ምታቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮላታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 ዓ.ም. ወታደሮች እየነዱት በመንገድ ሲያርፍ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ስለ ሁሉ ነገር ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» የሚል ነበር። ያን ምስጋና ያመሰገነው ሕመሙን ደብቆ አልነበረም፤ የምታነብለት ሰው ነበረችው።

ያችን እናት ከዓመት በኋላ አገኘኋት። ስለ ተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅኳት። «አልረሳሁትም» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ ነው ግን። «ማን አጽናናሽ?» አልኳት። አንዲት ጎረቤት በየማታው ትመጣ ነበር፤ ብዙም አትናገርም፣ ልብሱን አጥባ አስጥታ ከአጠገቧ ትቀመጣለች። «እጄ ሲደክመኝ» አለችኝ፣ «ካልሲውን ትይዝልኝ ነበር።»