ዓለም በኮምፒውተር ውስጥ ናትን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«የምንኖርበት ዓለም እውነተኛ ባይሆንስ? እኛ ከማናውቀው ቦታ ሆኖ አንድ የሠለጠነ ፍጡር በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ቢሆንስ?» ይህ ጥያቄ ዛሬ ከፈላስፎች ወጥቶ ወጣቶቻችን ጋ ደርሷል። ሲሙሌሽን ይሉታል። አንዳንዱ ለቀልድ ያነሳዋል። አንዳንዱ ግን የምሩን ነው፤ እንቅልፍ የነሳውም አለ። «የሰይጣን ሐሳብ ነው፣ ተወው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጠያቂውን ግን አያሳርፈውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐሳቡን በደንብ እንስማው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኒክ ቦስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ፈላስፋ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ኮምፒውተር እየበረታ ከሄደ፣ የጥንት ሰዎችን ሕይወት እስከ ሐሳባቸውና ስሜታቸው ድረስ አስመስሎ መሥራት የሚችል ትውልድ ሊመጣ ይችላል ይላል። ያ ትውልድ ይህን ደጋግሞ ከሠራው፣ ተመስለው የተሠሩት ሰዎች ከእውነተኞቹ እጅግ ይበዛሉ። ታዲያ እኛ ከየትኞቹ ነን? እንደ ቦስትሮም ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ እውነት መሆን አለበት። ወይ የሰው ዘር እዚያ ሳይደርስ ይጠፋል። ወይ ደርሶም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት አይፈልግም። ወይ ደግሞ እኛ አሁን ያለነው በተመሰለ ዓለም ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፤ ሰውየው ሦስተኛው የግድ እውነት ነው አላለም። ለሦስቱም ተቀራራቢ ግምት ነው የሰጠው። ብዙ ሰው ግን ሦስተኛዋን ብቻ ይዞ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክኖሎጂ ባለሀብቱ ኢሎን መስክ በእውነተኛው ዓለም የመሆናችን ዕድል ከቢሊዮኖች አንድ እንደሆነ ሲናገር ደግሞ ነገሩ የተረጋገጠ ሳይንስ የመሰለው ብዙ ነው። አይደለም። ክርክሩ የቆመው አእምሮ ከሥጋም ከማሽንም እኩል ሊገኝ ይችላል በሚል ግምት ላይ ነው። ቦስትሮም ይህን እንደ መነሻ ወሰደው እንጂ አላረጋገጠውም። እግዚአብሔር በሰው አፍንጫ የሕይወት እስትንፋስ እፍ አለበት (ዘፍ. 2፥7) ብለን የምናምን ሰዎች ይህን መነሻ ዝም ብለን የምንለቅበት ምክንያት የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከኛው ወገን የሚመጣው ደስታ ነው። «አያችሁ! ሳይንቲስቶቹም ዓለም ሠሪ አላት ማለት ጀመሩ!» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። እግዚአብሔርን «ታላቁ ፕሮግራመር» ብሎ የሚሰብክም አለ። በቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢቀር ግን ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም ያ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፍጡር እርሱም በሆነ ዓለም ውስጥ ይኖራል። ጊዜ ያልፍበታል። ማሽኑ ኃይል ይፈልጋል። እርሱንስ ማን ፈጠረው? ጥያቄው አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጣ እንጂ መልስ አላገኘም። ደግሞም ይህ ሠሪ ሊሰለቸው ይችላል። ማሽኑን አጥፍቶ ሊተኛ ይችላል። እንዲህ ያለው ይፈራ እንደሆነ እንጂ አይመለክም። የምናመልከው አምላክ «ሁሉን በስልጣኑ ቃል» የሚደግፍ ነው (ዕብ. 1፥3)። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ሰዎች ፊት ቆሞ «በእርሱ ሕያዋን ነንና፥ እንንቀሳቀሳለን፥ እንኖርማለን» ያለው ስለ እርሱ ነው (ሐዋ. 17፥28)።

ነገሩ ከኮምፒውተሩ በቀር አዲስ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ግኖስቲኮች የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን የሚታይ ዓለም የሠራው ልዑል አምላክ ሳይሆን ዕውቀት የጎደለው ሌላ ሠሪ ነው ይሉ ነበር። መዳን ማለት ለእነርሱ ምስጢሩን አውቆ ከዚህ ዓለም ማምለጥ ነው። ሌሎች ደግሞ ጌታ ሥጋ የለበሰ መሰለ እንጂ በእውነት አልለበሰም አሉ። ሥጋው ምትሐት ነው፣ መከራውም ለዓይን የታየ ብቻ ነው አሉ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ መልእክቱን የጀመረው «በዓይኖቻችንም ያየነውን የተመለከትነውንም እጆቻችንም የዳሰሱትን» ብሎ ነው (1ኛ ዮሐ. 1፥1)። ደቀ መዛሙርቱ ከትንሣኤው በኋላ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ፣ ጌታ «እኔን ዳስሳችሁ እዩ» አላቸው። አሁንም አላመኑም። «በዚህ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አለ። የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፤ በፊታቸው በላ (ሉቃ. 24፥36-43)። ሞትን ድል ያደረገው ጌታ ዓሣ ሲበላ አስቡት! ይህችን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

ከዮሐንስ በኋላ የተነሣው ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ይህን ነገር በሰንሰለት ታስሮ ነው የጻፈው። የአንጾኪያ ጳጳስ ነበር። ለአውሬ ሊሰጥ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ በመንገድ ላይ ሆኖ ለአብያተ ክርስቲያናት መልእክት ላከ። ለሰምርኔስ ምእመናን በጻፈው ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጌታ መከራ የተቀበለው ለማስመሰል ከሆነ፣ እኔም የታሰርኩት ለማስመሰል ነዋ! ለእሳት፣ ለሰይፍ፣ ለአራዊት ራሴን የሰጠሁት ለምንድን ነው?

ቀጥሎ ደግሞ እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ይናገራል። ስለ ፍቅር ግድ የላቸውም ይላል። ስለ መበለቷ፣ ስለ ሙት ልጁ፣ ስለ ታሰረው፣ ስለ ተራበው ግድ የላቸውም። የክርስቶስ ቁስል ማስመሰል ከሆነ የጎረቤት ቁስልስ ምን ሊሆን ነው? ምእመናን፣ የትምህርቱ ስሕተት ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው በተራበ ሰው ላይ ነው።

አሁን ወደኛ ዘመን እንምጣ። ጌም የሚጫወቱ ልጆች «ኤንፒሲ» የሚሉት ነገር አለ። በጨዋታው ውስጥ ሰው የማይመራው፣ ማሽኑ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ገጸ ባሕርይ ነው። ብትመታው አያመውም። አሁን ቃሉ ከጌም ወጥቶ ለሰው መስደቢያ ሆኗል። ቦስትሮምም በዚያው ጽሑፉ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሙሉ አእምሮ ያላቸው፣ ሌላው ሕዝብ ጥላ ብቻ የሆነበት ዓለም ሊኖር ይችል እንደሆነ አንስቷል። ለፈላስፋ የሐሳብ ሙከራ ነው። ለልብ ግን አደገኛ ነው። ያስቀየምከው ወንድምህ ጥላ ከሆነ ይቅርታ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል? የምታለቅሰው እህትህ ውስጥ ማንም ከሌለ ማጽናናቱ ለምን? ሐዋርያው ያዕቆብ የተራቆተውንና የተራበውን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» ብለው በባዶ እጅ የሚሸኙትን ወቅሷል (ያዕ. 2፥15-16)። እነዚያ እንኳ ቢያንስ ሰውየው መኖሩን አምነዋል።

«መጽሐፉስ ዓለም ከንቱ ናት ይል የለ?» የሚል አይጠፋም። ይላል። የሚያልፍ ነገር ግን የሌለ ነገር አይደለም። «የሚታየው የጊዜው ነው» (2ኛ ቆሮ. 4፥18)፤ የጊዜው ሆኖም እግዚአብሔር አይቶ «እጅግ መልካም» ያለው ነው (ዘፍ. 1፥31)። ዓለምን የናቁ አባቶችም የጾሙት በእውነተኛ ሆድ ነው።

«እሺ፣ ሲሙሌሽን አለመሆኑን አረጋግጡልኝ» ላለን በመሣሪያ ለክተን የምናሳየው ነገር የለንም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ኃይለኛ አታላይ መንፈስ ያየሁትን ሁሉ እያስመሰለብኝ ቢሆንስ ብሎ ጠይቆ ነበር። ከዚያ ጥርጣሬ የወጣው እግዚአብሔር አታላይ አይደለም በሚለው ነው። በፍልስፍናው ሁሉ አልስማማም። እዚህ ላይ ግን ከኛ ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ «የማይዋሽ እግዚአብሔር» ይላል (ቲቶ 1፥2)። ዓይናችንንና እጃችንን የምናምነው የሰጠን እርሱ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሁሉ ስለ ፍልስፍና እየጠየቀ አይደለም። «ሁሉ ነገር ሕልም ሕልም ይለኛል፤ ሰዎችን በመስታወት ውስጥ የማይ ያህል ይሰማኛል» የሚል ወጣት ካገኛችሁ ክርክሩን ተዉት። ይህ ሐኪሞች የሚያውቁት የጤና ችግር ነው። ከከባድ ጭንቀት፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከደረሰ አደጋ ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል። እምነት ስለጎደለህ ነው አትበሉት። ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ይነግረናል። ብቻውን መሄድ ከፈራ አብራችሁት ሂዱ።