ኑዛዜ ላይ የተጠቀሰ የበጎ አድራጎት ድርጅት ማንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር

በኢትዮጵያ ማንም ሰው ንብረቱን ወይም የንብረቱን ከፊል ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለቤተ እምነት ወይም ለዕድር ሊናዘዝ ይችላል። ተናዛዡ ካረፈ በኋላ ግን የታሰበው ተቀባይ የትኛው እንደሆነ መለየት የሚያቅትበት ጊዜ አለ። ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 865 ተጠቃሚውን በበቂ ሁኔታ የማይገልጽ የኑዛዜ ቃል ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮተቤ፣ በአያት፣ በጀሞ፣ በአስኮና በአቃቂ በኩል፣ ነዋሪው አንድን ድርጅት የሚያውቀው በተመዘገበበት ስም ሳይሆን በሰፈሩ፣ በመሥራቹ ወይም በሩ ላይ በተሰቀለው ታፔላ ነው። አያት አካባቢ የሚገኘውን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «መቄዶንያ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ሐሳቡ አያሻማም። «ወንዙ አጠገብ ላለው የሕፃናት ማሳደጊያ» የሚለው ቃል ግን ለጻፈው የጠራ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ለሚያነበው ዳኛ ጭራሹን ላይገባው ይችላል። «ለማርያም ቤተ ክርስቲያን» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በእመቤታችን ስም የተተከሉ አጥቢያዎች በከተማዋ ብዙ ናቸውና። ከሁሉ የሚያሳዝነው የዕድር ጉዳይ ነው። ሰፈሩ ለልማት ተነሥቶ አባላቱ ግማሾቹ ጀሞ፣ ግማሾቹ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ዕድሩ ይፈርሳል ወይም ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም የቀድሞውን ስም ይዘው ይቀጥላሉ፤ ኑዛዜው የጠቀሰው ግን አንዱን ብቻ ነው።

የስም ለውጥም ሌላው ምክንያት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ዳግም እንዲመዘገቡ አድርገዋል። ስሙን የቀየረ ድርጅት ሕጋዊ ሰውነቱ፣ ማለትም በሕግ ፊት ያለው ህልውና፣ እስካልተቋረጠ ድረስ ስጦታውን ከመቀበል አይከለከልም። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት የፈረሰ ድርጅት ግን ወራሽ ሊሆን አይችልም።

የማጣራቱ ሥራ የውርስ አጣሪው ነው። አጣሪው ስሙን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ወረዳውን ይጠይቃል፣ የሟቹንም ወረቀቶች ያገላብጣል። ብዙ ጊዜ ፍንጭ የሚገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት የመዋጮ ደረሰኝ ሟቹ በየወሩ ይረዳ የነበረው ማንን እንደሆነ ይናገራል። በሕጉ «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» የሚባለው ዓይነት በመደበኛው በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ በመሆኑም ምስክሮቹ ሟቹ የቱን ማለቱ እንደነበር ማስረዳት ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 910 አጠራጣሪ ኑዛዜ በተናዛዡ ሐሳብ መሠረት እንዲተረጎም፣ ሐሳቡም ከኑዛዜው ወይም ከሌሎች ሁኔታዎች እንዲፈለግ ይፈቅዳል፤ ቃሉ ግልጽ ከሆነ ግን ከቃሉ መውጣትን ይከለክላል። ሁለት ድርጅቶች «እኛ ነን» ብለው ቢቀርቡ፣ ሚዛን ሊደፋ የሚችለው ሟቹ በሕይወት ሳለ ከየትኛው ጋር ይገናኝ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተቀባዩ ካልታወቀ የኑዛዜው ቃል ይወድቃል። ስጦታው ወደ ውርሱ ሀብት ተመልሶ፣ ሌላ የኑዛዜ ተጠቃሚ ከሌለ፣ በመጀመሪያ ለልጆች፣ እነርሱ ከሌሉ ለወላጆችና ለሌሎች ዘመዶች ይተላለፋል፤ ማንም ወራሽ ካልተገኘ ንብረቱ የመንግሥት ይሆናል። የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ላይ የተለየ መንገድ ይከተላል፤ ሟቹ በጥቅሉ ለበጎ አድራጎት ማሰቡ ከታመነ፣ ገንዘቡ ለተቀራራቢ ዓላማ እንዲውል ማድረግ ይቻላል። በእኛ የኑዛዜ ድንጋጌዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ መፍትሔ አለመኖሩ በእርግጥ ጉድለት ነው። ለድሆች ብሎ ቤቱን የተናዘዘ ሰው አንድ ስም በመሳሳቱ ብቻ፣ ቤቱ ጨርሶ ላላሰባቸው የሩቅ ዘመዶች ሊደርስ ይችላልና።

አደጋውን የሚቀንሰው ኑዛዜው ሲጻፍ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ሰነዱ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው መሥሪያ ቤትም ተዘጋጀ በመንደር ጸሐፊ፣ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩና አድራሻው ቢሰፍር ጥርጣሬው ይጠባል። ሕጉ ተተኪ ተጠቃሚ መሰየምንም ስለሚፈቅድ፣ የመጀመሪያው ድርጅት ሳይገኝ ቢቀር ስጦታው ለሌላ ስሙ ለተጠቀሰ ድርጅት እንዲደርስ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል።