ከመሸበት የሚያድረው ማነው?

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዱ ባልደረባችን ተነሳና ሌላውን በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገረው። የሥራ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ስለ አለባበሱ፣ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ ትዳሩ ሳይቀር አነሳ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና «እኔ እንደሆንኩ እውነት ተናግሬ ከመሸበት አድራለሁ» አለ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡለት። ሰውየው 11 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናውን አስነስቶ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። የትም አልመሸበትም።

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔን የምትይዘኝ «መሸበት» የምትለው ቃል ናት። ለከተማ ሰው መምሸት ሰዓት ነው። በእግሩ ለሚሄድ መንገደኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ጀንበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ግድም ነው። ማምሻዋም አጭር ናት፤ ጠለቀች ሲባል ብዙም ሳይቆይ ድቅድቅ ይላል። ስለዚህ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ጥላውን እያየ ያሰላል። ወንዙን ልሻገር ወይስ እዚህ መንደር ልቁም? ስሌቱ የሳተበትን ጅብ ይጠብቀዋል። ጅቡ ቢቀር ብርዱ አለ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ገጠር ነበር የማሳልፈው። ማታ ውሻው አጯጯኹ ከተለየ እንግዳ ነው። ከአጥሩ ማዶ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አያቴ ማን ነህ፣ ከየት ነህ አትልም። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ትላለች። ውሻው ይያዛል፣ ውሃ ይሞቃል። እግር ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ከጣቶቹ መሃል የደረቀውን ጭቃ እያሟሸሽኩ ሰውየው ምን ያህል እንደተጓዘ እገምት ነበር። መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል፤ እኛ ልጆች ወደ ምድጃው ጥግ እንባረራለን። ወሬ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው።

አንድ ማታ የመጣ ሽማግሌ ከምስክርነት እየተመለሰ ነበር። በድንበር ክርክር በገዛ ዘመዱ ላይ መስክሮ፣ እዚያው ዘመድ ቤት ማደር ስላልሆነለት ነው መንገድ የጀመረው። እኛ ዘንድ መሸበት። አያቴ ምንም አላለችም። ዋንጫውን ተቀብላ ወተት ጨመረችለት።

ይህን ካየሁ በኋላ የአባባሉን ምንጭ በራሴ መንገድ ስፈልግ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ «ማደር»ን ያዝኩ። ከግዕዙ «ኀደረ» የመጣ ነው፤ ማኅደርም ከዚያው ነው። አማርኛ ግን ሌሊት ማሳለፍ ብቻ አላደረገውም። ሠርቶ ማደር አለ፣ ለሆድ ማደር አለ፣ ለጌታ ማደርም አለ። ለጌታ ያደረ ሎሌ የሚተኛበት ቤት የታወቀ ነው፤ የሚናገረውም እንደዚያው። ከመሸበት የሚያድረው ግን ለማንም ያላደረ ሰው ነው። ባላገሩ ይህችን ጨዋታ ሳያስባት ቀርቶ ነው ብትሉኝ አላምንም።

ልቤ ይበልጥ የሚያደላው ግን ወደ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይሉታል። በድሮ ጊዜ ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲኖር የአካባቢው ሰው ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። የቀረ ይቀጣ ነበር። ሌባው ካልወጣ ጉዳቱን አገሬው አዋጥቶ ይከፍል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እርሻው ጾም ያድራል፣ ሁሉም ያጉረመርማል፣ እውነቱን የሚያውቀው ሰው መሃል ላይ ተቀምጧል። ቢናገር አገሬው ነፃ ይወጣል፤ እሱ ግን በየት በኩል ወደ ቤቱ ይሄዳል? መንገዱ በሌባው ወንድም ደጃፍ ነው የሚያልፈው። አባባሉ እዚያ ሜዳ ላይ የተወለደ ይመስለኛል።

ልብ በሉ፣ እውነት ያዋጣል አላለም። ብልህነት ነውም አላለም። ለብልሁማ አማርኛ «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሌላ ምክር አዘጋጅታለታለች። አያቴ ሁለቱንም ትል ነበር፣ ግን አታምታታቸውም። የጎረቤት ልጅ ጉድ ሲወራ ሆድ ይፍጀው ናት። ዝምታዋ የሰው ድንበር የሚያስገፋ ሲሆን ግን ያቺኛዋን ታወጣለች። የእኛ ዘመን ደፋር ገለባብጦታል። ሆድ ሊፈጀው የሚገባውን አደባባይ ያወጣና የሽማግሌውን ቃል ለስድቡ መጠቅለያ ያደርጋል።

ደግሞም አባባሉ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ሁለተኛ ሰው አለ። እሱም በር ከፋቹ ነው። የሚያሳድር ከሌለ ከመሸበት ማደር ሜዳ መቅረት ነው።

በዚያ ስብሰባ ላይ ንብረት ክፍል የምትሠራ ልጅም ተናግራ ነበር። ቆጠራው ጎድሏል፣ ፈርሙ ብትሉኝም አልፈርምም አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባባል አልጠቀሰችም፤ ያጨበጨበላትም የለም። በሻይ ሰዓት ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። እኔም ብርጭቆዬን ይዤ ከሌሎቹ ጋር ቆሜ ነበር።