«ደላላ እንጂ ባንክ አይደለሁም»፦ ስለ ማንነት ስርቆት ሕግ በቤትና በሞርጌጅ ሥራ የሚነገሩ ስህተቶች

አሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ የሌለ መረጃውን አሳልፎ ይሰጣል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የታክስ ወረቀቱን፣ የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ፣ የልደት ቀኑን። በሰው ስም መበደር የሚፈልግ ሌባ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ደግሞ ቤት የሚያሻሽጠው ኤጀንትም የቤት ብድሩን (ሞርጌጁን) የሚያስጨርሰው ሎን ኦፊሰርም የራሳችን ሰው የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንበኛው «የኛው ልጅ ነው» ብሎ ሁሉንም ያስረክባል። ይህ ትልቅ አደራ ነው። አደራውን የሚመለከቱ የፌዴራል ሕጎች አሉ። ስለ ሕጎቹ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ያ ሕግ እኮ ቀርቷል»

አልቀረም። ሰዎች እንዲህ የሚሉት ሬድ ፍላግስ ስለሚባለው ደንብ ነው። ደንቡ አበዳሪዎች አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም ሊበደር መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶችን ለይተው እንዲያውቁና ሲያዩ ዝም እንዳይሉ ያዛል። ቀርቷል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መነሻ ሕጉን ኮንግረስ ያወጣው በ2003 ነው። ዝርዝር ደንቡ በኖቬምበር 2007 ወጣ። በኖቬምበር 2008 ሥራ ላይ ይዋል ተባለ። ከዚያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የምንለው፣ ቀኑን ደጋግሞ አራዘመው። ጠበቆችና ሐኪሞች «እኛን ምን አገባን» ብለው ተከራከሩ፤ የጠበቆች ማኅበርማ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በመጨረሻ ዲሴምበር 18 ቀን 2010 ደንቡን የሚያጠብ ሕግ ተፈረመ። ኮንግረስ አጠበበው እንጂ አልሰረዘውም። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ነው።

«ደላላ ነኝ፤ እኔን አይመለከተኝም»

እንደምትሠሩት ሥራ ይለያያል። ከ2010 በኋላ ደንቡ የሚይዘው በብድር ሥራ ውስጥ ሆኖ ከሦስት ነገሮች አንዱን በመደበኛነት የሚያደርገውን ነው። ለብድር ጉዳይ ክሬዲት ሪፖርት (የሰውን የብድር ታሪክ የያዘ መዝገብ) የሚያወጣ፣ የደንበኛን የአከፋፈል ታሪክ መዝገቡን ለሚይዙት ክሬዲት ቢሮዎች የሚያስተላልፍ፣ ወይም ተመልሶ የሚከፈል ገንዘብ የሚሰጥ። ሞርጌጅ ብሮከር፣ ማለትም የቤት ብድር ደላላ፣ የደንበኛውን ክሬዲት አውጥቶ ነው ወደ አበዳሪ የሚወስደው። ስለዚህ ውስጥ ነው። ቤት አሳይቶ ኮሚሽን ብቻ የሚወስድ ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው።

ግን ከአንዱ ሕግ ውጭ መሆን ከሁሉም ውጭ መሆን አይደለም። ቤት የምታከራዩና የተከራይ ክሬዲት ሪፖርት የምታወጡ ከሆነ ወረቀቱን እንዴት እንደምታስወግዱ የሚወስን ሌላ ደንብ አለ። ከጁን 2005 ጀምሮ ክሬዲት ሪፖርትን ወይም ከእሱ የተወሰደ መረጃን እንዲሁ ቆሻሻ ላይ መጣል ክልክል ነው። ወረቀቱ ይቆራረጣል ወይም ይቃጠላል፤ ፋይሉም መልሶ እንዳይነበብ ተደርጎ ይጠፋል። ኢሊኖይ ውስጥ አሜሪካን ዩናይትድ ሞርጌጅ የሚባል ኩባንያ የደንበኞቹን የብድር ወረቀት ቢሮው አጠገብ ያለ ክፍት የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥሎ ተገኘ። በ2007 50,000 ዶላር ከፈለ። ያን ገንዳ የከፈተ ማንም ሰው የስንቱን ሕይወት ማንበብ ይችል እንደነበር አስቡት።

መረጃ ሾልኮ ሲወጣ ለባለቤቱ ማሳወቅን በተመለከተ ደግሞ 50ዎቹም ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እዚያ ላይ ኤጀንት ነኝ ማለት አያድንም።

«ፖሊሲው ተጽፎ ፋይል ውስጥ አለ»

ብዙ ቢሮዎች ከኢንተርኔት የወረደ ሰነድ ላይ ስማቸውን ለውጠው አስቀምጠዋል። ደንቡ የሚፈልገው ይህን አይደለም። በእናንተ ሥራ የትኛው ምልክት ሊመጣ እንደሚችል መለየት፣ ሲመጣ ማየት፣ ካያችሁ በኋላ የምታደርጉትን አስቀድሞ መወሰን፣ ከጊዜው ጋር ማደስ። የሥራ አመራር ቦርዱ፣ ቦርድ ከሌለም ከፍተኛ ኃላፊው፣ ያጸድቀዋል። ሠራተኛው ይሠለጥናል። ሁለት ሰው ያለበት ቢሮ የሁለት ሰው ቢሮ የሚመጥን ጥቂት ገጽ ይበቃዋል።

ከደንቡ ጋር የተያያዙ 26 የምልክት ምሳሌዎች አሉ። ሃያ ስድስቱንም ገልብጦ መለጠፍ ግዴታ አይደለም፤ በቂም አይደለም። በሞርጌጅ ፋይል ውስጥ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የሚመስለው። ለምሳሌ ከአሠሪ የመጣ የሥራ ደብዳቤ አለ እንበል። ግርጌው ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ማመልከቻው ላይ አመልካቹ የራሴ ብሎ ከሰጠው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ወይም ፔይ ስተቡ (የደመወዝ ወረቀቱ) ላይ የዓመቱ ድምር ከየወሩ ክፍያ ጋር አይገጥምም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር መደወል ማጣራት አይደለም። የድርጅቱን ቁጥር በራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ፍሮድ አለርት፣ የማጭበርበር ማስጠንቀቂያ፣ ካለማ ነገሩ ግልጽ ነው። ማንነቱን ሳታረጋግጡ ወደፊት መሄድ አይፈቀድም። ሎን ኦፊሰር በወሩ መጨረሻ ፋይል ለመዝጋት ሲጣደፍ ይህን ማለፍ እንደሚፈትነው አውቃለሁ። ስሙ የተሰረቀበት ሰው ግን ክሎዚንግ ላይ፣ የመጨረሻው ፊርማ በሚፈረምበት ቀን፣ አይገኝም። አጠገባችሁ ሆኖ «ቆይ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም» አይላችሁም። ደንቡ የተጻፈው ለእሱ ነው።

«ስምና ልደት ካልገጠመ አጭበርባሪ ነው»

ይህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ወገኖቻችን የሚጎዱበት ነውና።

የኛ ሰው ወረቀት በተፈጥሮው አይገጥምም። የአባት ስም ነው የቤተሰብ ስም የሚሆነው፤ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ገብረማርያም አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ነው። ሦስተኛው ላይ «ገብረ» መካከለኛ ስም ሆኖ ተገንጥሏል። ጸጋዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ያውቃል። ልደት ደግሞ የባሰ ነው። በኛ አቆጣጠር 1975 የተወለደ ሰው ቁጥሩ ሳይለወጥ እንዳለ ወደ ፈረንጅ ወረቀት ተገልብጦለት ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። በኋላ ሲያስተካክለው ሁለት ልደት ያለው ሰው ይሆናል። ቀኑ ጠፍቶ ጃንዋሪ 1 የተጻፈለትም ብዙ ነው።

ሌላም አለ። ከ26ቱ ምሳሌዎች አንዱ የሶሻል ቁጥሩ ከልደት ዓመቱ ጋር የማይሄድ ከሆነ ተጠንቀቁ ይላል። አሜሪካ ለተወለደ ሰው ይሠራ ነበር። በ35 ዓመቱ ዱልስ አየር ማረፊያ የደረሰ ሰው ቁጥሩን ያገኘው በ35 ዓመቱ ነው። ከጁን 2011 ወዲህ ደግሞ ቁጥሮቹ ያለ ቅደም ተከተል ስለሚሰጡ ከቁጥሩ ላይ ስቴትም ዓመትም ማንበብ አይቻልም። ብዙ አመልካች አንድ አድራሻ መጠቀሙም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። አዲስ መጤዎች አንድ ቤት ተጋርተው መኖራቸው የታወቀ ነው።

ምልክት ማለት አጣሩ ማለት ነው። ፍርድ አይደለም። ማጣሪያውም አለ። ደንበኛው ኤስኤስኤ-89 የሚባለውን ቅጽ ፈርሞ ሲሰጥ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ስሙ፣ ልደቱና ቁጥሩ ይገጥሙ እንደሆነ ይመልሳል። ስሙ በተለያየ መንገድ ለተጻፈ ሰው ክሎዚንግ ላይ የሚፈረም የስም ማረጋገጫ አለ። ከዚህ ይልቅ የውጭ አገር ስም ያለውን ብቻ ለይቶ ተጨማሪ ወረቀት ማስጨነቅ ከሌላ ሕግ ጋር ያጋጫል። በ1974 የወጣውና በ1976 የተስፋፋው ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት በብድር ማዳላትን ይከለክላል። ሐበሻ ሎን ኦፊሰር እዚህ ላይ ትልቅ ነገር መሥራት ይችላል። የቀን አቆጣጠሩን ልዩነት ለአንደርራይተሩ (ብድሩን መርምሮ ለሚወስነው ሰው) ሁለት መስመር ጽፎ ማስረዳት የሚችለው እሱ ነው።

«ወንድሙ ፈቅዶለታል፤ ስርቆት አይደለም»

ክሬዲቱ ያልደረሰለት ሰው በወንድሙ ወይም በአክስቱ ልጅ ስም ቤት ይገዛል። ስም አበዳሪው እኖርበታለሁ ብሎ ይፈርማል፤ አይኖርበትም። ቤተሰብ ስለሆነ ነውር የለበትም ይባላል። ፈቃድ መኖሩ ነገሩን ከማንነት ስርቆት ያወጣው ይሆናል። ለብድር ብሎ እያወቁ ሐሰት መጻፍ ግን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ጣሪያው 30 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ፈቅዷል» የተባለው ዘመድ ምንም አያውቅም። ብድር የሚወስደውን ሰው ራሱን ሳታነጋግሩ፣ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሲመልስላችሁ ፋይሉን አትክፈቱ።

«ቫይበር የተቆለፈ ነው፤ ፎቶውን ይላኩልኝ»

«እማማ፣ ሶሻልዎን ፎቶ አንስተው በቫይበር ይላኩልኝ።» ስንት ጊዜ ተብሏል! መልእክቱ በመንገድ ላይ የተቆለፈ መሆኑ እውነት ነው። ፎቶው ግን ከደረሰ በኋላ እማማ ስልክ ውስጥ አለ፣ እናንተ ስልክ ውስጥ አለ፣ ከሠርግ ፎቶዎች ጋር ክላውድ ላይ ወጥቷል። ስልካችሁን ስትሸጡ ወይም ስትጥሉስ?

ባንክ ያልሆኑ ሞርጌጅ አበዳሪዎች፣ ብሮከሮችና ክሎዚንግ የሚያስፈጽሙ ድርጅቶች ሴፍጋርድስ የሚባለው የኤፍቲሲ ደንብ አለባቸው። ከጁን 9 ቀን 2023 ጀምሮ የተጠናከረ ነው። የደንበኛ መረጃ ይመሰጠራል። ወደ ሲስተሙ ለመግባት ፓስወርድ ብቻ አይበቃም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከ5,000 ደንበኛ በታች መረጃ የያዘ ድርጅት አንዳንድ ግዴታዎች ቀለውለታል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አልቀሩለትም። ከሜይ 2024 ወዲህ ያልተመሰጠረ የ500 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች መረጃ መውጣቱ ከታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ለኤፍቲሲ ማሳወቅ ግድ ነው። ደህንነቱ የተጠበቀ የሰነድ መቀበያ ሊንክ ላኩላቸው። ካቃታቸው ቢሮ ይምጡ፣ ስካን አድርጉላቸው።

«የክሎዚንግ ገንዘብ በስህተት ከሄደ ባንክ ይመልሰዋል»

ኢሜይሉ የሚመጣው ከክሎዚንግ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ነው። የቤቱ አድራሻ ትክክል ነው። የኤጀንቱ ስም፣ ፎቶው፣ የገንዘቡ መጠን ትክክል ነው። «ታይትል ካምፓኒው ባንክ ቀይሯል፣ በዚህ አካውንት ይላኩ» ይላል። ታይትል ካምፓኒ ማለት ክሎዚንጉን የሚያስፈጽመው ድርጅት ነው። የላኪው አድራሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተቀይራለች። ሌባው ይህን ሁሉ ያወቀው ብዙ ጊዜ የኤጀንቱን ወይም የታይትል ካምፓኒውን ኢሜይል ሰብሮ ሲያነብ ስለከረመ ነው።

ተቀባዩ ባንክ የአካውንት ቁጥሩን አይቶ ገንዘቡን ማስገባት ይችላል፤ ስሙ ባይገጥምም። ዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ የሚላክ ገንዘብ) ከሄደ በኋላ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። በ2023 ከዚህ ዓይነት የቢዝነስ ኢሜይል ማጭበርበር ደረሰብን ተብሎ ለኤፍቢአይ የተመለከተው ኪሳራ በየዘርፉ ተደምሮ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ደንበኛችሁን በመጀመሪያው ቀን፣ ፊት ለፊት፣ የታይትል ካምፓኒውን ስልክ ጽፋችሁ ስጡት። የባንክ ቁጥር በኢሜይል ሲመጣ በዚያ ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ። ተሳስቶ ከላከ ያኔውኑ ለባንኩ፣ ወዲያው ደግሞ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል ያመልክት። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው የሚያድኑት።

«ኖተራይዝ የተደረገ ወረቀት አያጠራጥርም»

ሜምፊስ ያለው የኤልቪስ ፕሪስሊ ቤት ግሬስላንድ በሜይ 2024 በጨረታ ሊሸጥ ነበር። በ2023 ያረፈችው ልጁ ሊሳ ማሪ ቤቱን አስይዛ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለች የሚል ወረቀት ቀረበ። የኖተሪ፣ ማለትም የፊርማ አረጋጋጭ፣ ማኅተም ነበረው። ማኅተሙ ላይ ስሟ ያለው የፍሎሪዳ ኖተሪ ግን ሴትየዋን አግኝቻት አላውቅም፣ ወረቀቱንም አላረጋገጥኩም አለች። ዳኛው ጨረታውን አገደው። ወረቀቱን የፈጠረችው ሴት ጥፋቷን አምና ከ4 ዓመት በላይ ተፈርዶባታል።

ያ ቤት ታዋቂ ስለሆነ ዓለም አየው። ባዶ መሬት ያለው፣ ወይም ቤቱን አከራይቶ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ማን ያይለታል? የካውንቲ መዝገብ ቤት በአብዛኛው ወረቀቱ በቅጹ መሆኑንና ክፍያው መፈጸሙን እንጂ የፈረመው ማን እንደሆነ አይመረምርም። ከአገር ውጭ ነኝ የሚል፣ በቪዲዮ መታየት የማይፈልግ፣ ከገበያ በታች ዋጋ የሚቀበልና በጣም የሚቸኩል ሻጭ ሲመጣ ኤጀንቱ የመጀመሪያው በር ጠባቂ ነው። ታክስ ቢል በሚላክበት አድራሻ ደብዳቤ ላኩና ባለቤቱን ጠይቁ።

«ክሬዲት ፍሪዝ ያደረገ ሰው ሞርጌጅ አያገኝም»

ያገኛል። ፍሪዝ ማለት ክሬዲት ሪፖርትን መዝጋት ነው፤ በስሙ አዲስ ብድር እንዳይወጣ። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ማድረጉም ማንሳቱም ነጻ ነው። በስልክ ወይም በኦንላይን ከጠየቀ ቢሮው በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለበት። በሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ላይ ለየብቻ ነው የሚደረገው። ሎን ኦፊሰሩ «አንሳውና ተወው» ከማለት ይልቅ ክሬዲቱን የሚያወጣበትን ቀን ይንገረው። ደንበኛው ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ይክፈተው፤ ቀኑ ሲያልፍ በራሱ ይዘጋል። አበዳሪው ከክሎዚንግ በፊት ደግሞ ሊያየው ስለሚችል ሁለተኛውንም ቀን አብሮ ይንገረው።