የስብስብ ጥልቀት፦ ሊጉ ሳይጀመር ቡድንን መመዘን

ክረምት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ኳስ የሚወድ ሁሉ አሰልጣኝ ነው። ማን ፈረመ፣ ማን ውል አራዘመ፣ ማን ወደ ሌላ ክለብ ሄደ፤ ሐምሌና ነሐሴ የሚያልቁት በዚህ ወሬ ነው። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈራሚው ላይ ይቆማል። ቋሚ ተሰላፊው ሲጎዳ ወይም በካርድ ሲቀጣ ማን ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የስብስብ ጥልቀት የሚባለው እሱ ነው።

ጥልቀት ማለት የተጫዋች ብዛት አይደለም። 28 ተጫዋች ይዞ ሳሳ ያለ ቡድን አለ፣ በ22 ተጫዋች ዓመቱን የሚዘልቅም አለ። ለማወቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። አሰልጣኙ በብዛት የሚጠቀምበትን አሰላለፍ፣ ለምሳሌ 4-3-3ን (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ)፣ ሣሉ። በየቦታው ቋሚውን፣ ከሥሩ ደግሞ ተጠባባቂውን ጻፉ። አንድ ስም ሁለት ቦታ መድገም አይፈቀድም! ጨዋታው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም "ግራም ቀኝም መሃልም ይጫወታል" የሚባል አንድ ልጅ በየቡድኑ አለ፣ ደጋፊውም ሦስት ቦታ ጽፎት ቡድናችን ሙሉ ነው ይላል። ሦስቱም ቦታ በአንድ ቀን ቢጎድልስ?

አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ መሃል ላይ ይሞላል። አገራችን አማካይ አጥታ አታውቅም። ክፍቱ የሚታየው መስመር ተከላካይ ላይ ነው፣ በተለይ ግራው። በግራ እግሩ የሚጫወት ተከላካይ እንደ ልብ አይገኝም። አንዱ በ20ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ቢወጣ አሰልጣኙ የግራ ክንፍ አጥቂውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ክንፉን ለመሙላት ደግሞ ከመሃል አንድ ሰው ያወጣል። አንድ ሰው ጎደለ፣ ሦስት ቦታ ተናጋ። ሁለተኛው ስስ ቦታ ግብ ጠባቂ ነው። ለዓመታት ብዙ ክለቦቻችን የውጭ ዜጋ በረኛ አስፈርመው አገሬውን ወንበር ላይ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ዓመት ሙሉ ያልተሰለፈ በረኛ ድንገት ግባ ሲባል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

የአምስት ተጫዋች ቅያሪም ነገሩን አክብዶታል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012፣ በጊዜያዊነት የገባው ሕግ በ2014 ቋሚ ሆነ። ቅያሪው ከእረፍት ሰዓት ውጪ በሦስት አጋጣሚ ብቻ ነው የሚደረገው። ከሜዳ ተጫዋቾች ግማሹን መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ወንበሩ ጠንካራ ለሆነ ቡድን ይሄ ሠርግ ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነው ግን በ75ኛው ደቂቃ ሁለት ቅያሪ አድርጎ የቀረውን ይዞ ይወጣል።

የኛ ሊግ የራሱ ጠባይም አለው። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ነው የሚካሄዱት፤ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ በተለያየ ጊዜ አስተናግደዋል። ቡድኖች ሆቴል ገብተው በጥቂት ቀናት ልዩነት ይጫወታሉ። 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ካለችው ባሕር ዳር የተነሳ ቡድን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ሌላም ጣጣ አለ፦ የተስፋ ቡድኑ፣ ማለትም የክለቡ ወጣቶች ቡድን፣ ከተማው ውስጥ ነው የሚቀረው። ሁለት ሰው ሲጎዳ "ከታች ልጅ እናምጣ" ማለት በወረቀት ቀላል ነው፣ ልጁ ግን ጉዞ ሊነሳ ነው፣ መንገዱም ሰላም መሆን አለበት። ስለዚህ በዚህ ሊግ ጥልቀት ሲቆጠር አብሮ የተጓዘው ብቻ ነው የሚቆጠረው። የተስፋ ቡድኑን ልጆች ዝርዝሩ ላይ ደርድሮ "30 ነን" የሚል ክለብ ራሱን ነው የሚያታልለው።

የቅርብ ምሳሌ ባሕር ዳር ከተማ ነው። የጣና ሞገዶቹ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከፍተኛ ሊግ አልፈው በ2011 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀሉ። በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ወጡና በአፍሪካ ክለቦች የካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ላይ ተሳተፉ። ውድድሩ የመጣው በዚያው ነሐሴ ነው፣ ሊጉ ገና ሳይጀመር። አዲስ ፈራሚ ገና ካምፕ ሳይገባ፣ የሰው እግር ገና ሳይፍታታ። የታንዛኒያውን አዛምን በድምር ውጤት 3-3 ሆነው በመለያ ምት አሸነፉ፤ በቀጣዩ ዙር ግን በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናበቱ። ለአህጉር ውድድር ያለፈ ክለብ ስብስቡን ከሌሎቹ ቀድሞ መጨረስ አለበት የምለው ለዚህ ነው። መስከረም ላይ የሚመጣ ፈራሚ ለሊጉ እንጂ ለነሐሴው ጨዋታ አይደርስም።

የወዳጅነት ጨዋታና እንደ አዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ ያሉ የቅድመ ውድድር ግጥሚያዎችን ስታዩ ውጤቱን እርሱት። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ተመልከቱ፤ ተጠባባቂዎቹ ሲገቡ ቡድኑ አጨዋወቱን ይዞ ይቀጥላል ወይስ ኳሱን እየጠለዘ ሰዓት ይገፋል? ማዕዘን ምት ማን ይመታል? የመሃል ተከላካዮቹ ሁለቱም ሲቀየሩ የተከላካይ መስመሩን ማን ይመራል? ዕድሜም አትርሱ። ሁለቱም የመሃል ተከላካይ ከ32 በላይ ከሆኑ ሦስተኛው ሰው ተጠባባቂ ሳይሆን ግማሽ ቋሚ ነው።

ከፕሪሚየር ሊጉ በታች፣ ደብረ ማርቆስን በመሰሉ ከተሞች ክለቦች ዘንድ፣ ስሌቱ ይለያል። በጀቱ ጠባብ ነው፣ ውሉም ብዙ ጊዜ አጭር፤ ጥሩ የተጫወተ ልጅ በዓመቱ ወደ ላይ ይወሰዳል። እዚያ ጥልቀት የሚመጣው ከሰፈርና ከትምህርት ቤት ውድድር ነው እንጂ ከገበያ አይደለም።

በክረምት የተዘለለ ክፍተት በአጋማሽ ዓመቱ ዝውውር ገሃድ ይወጣል። ያን ጊዜ ክለባችሁ የትኛውን ቦታ ለመሙላት እንደሚሯሯጥ እዩና ነሐሴ ላይ ከጻፋችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩት።