የስሎከም የብቻ ባሕር ጉዞ ማስታወሻ

«ብቻን ዓለምን በሸራ ጀልባ መዞር» የካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም የጉዞ ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ «ሴንቸሪ» በተባለ የአሜሪካ መጽሔት በተከታታይ ታትሞ፣ በ1900 በመጽሐፍ ወጣ (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሎከም በ1844 ኖቫ ስኮሺያ ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሥቶ ሰኔ 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ሲገባ ከ46,000 ማይል በላይ ተጉዟል። ዓለምን ብቻውን በሸራ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጀልባዋ «ስፕሬይ» ትባላለች። ፌርሄቨን በተባለች የአሜሪካ ከተማ ሜዳ ላይ ተጥላ የኖረች አሮጌ የኦይስተር (የባሕር ቀንድ አውጣ ዓይነት) ማጥመጃ ነበረች። ስሎከም የነጭ ኦክ ዛፍ ቆርጦ ጎድኖቿን በእንፋሎት እያለሰለሰ አጎበጠ፤ ገላዋን በአንድ ኢንች ተኩል የጆርጂያ ጥድ ሳንቃ አለበሰ። ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ወጪው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም። ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወርዷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ነው፤ ለቁመቷ በጣም ሰፊ ናት።

መጀመሪያ ያሰበው በስዊዝና በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ነበር። ጅብራልታር ላይ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ሲያስጠነቅቁት ግን ጉዞውን ገልብጦ አትላንቲክን እንደገና ተሻገረ። ቦነስ አይረስ ላይ ምሰሶዋን በ7 ጫማ አሳጠረ፤ በኋላም ከጀርባዋ ትንሽ ሸራ ጨመረላት። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባለው ማጄላን ወሽመጥ ውስጥ ሰው የሰጠውን የምንጣፍ ምስማር ማታ ማታ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ጀልባው ላይ በተነ። በባዶ እግራቸው ጀልባው ላይ የወጡ የአካባቢው ሰዎች ሌሊት እየጮኹ ሲዘሉ ነቃ። አንባቢ ከመጽሐፉ የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። ለባሕረኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ አንድ ሰው እንዴት ይተኛል?

መልሱ ጀልባዋ ራሷን መምራቷ ላይ ነው። ከሥሯ ያለው ረጅም አከርካሪ እንጨት ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ስሎከም ዋናውን ሸራ ወደ ጎን ዘርግቶ ይለቀዋል፤ የፊተኛውን ሸራ ገመድ ግን ወጥሮ መሐል ለመሐል ያስረዋል። አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ መዞር ስትጀምር የፊተኛው ሸራ ነፋስ ይሞላና መልሶ ይገፋታል። መሪው በገመድ ታስሮ ይቀመጣል። በሕንድ ውቅያኖስ ወደ ኪሊንግ ደሴቶች 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲሄድ መሪ የጨበጠው በጠቅላላው ከ3 ሰዓት አይበልጥም። ይህ ግን ለስፕሬይ የሠራ ዘዴ ነው፤ አከርካሪዋ አጭር በሆነ ጀልባ ላይ እንዲያው መሪ አስሮ መተኛት አይሞከርም።

አቅጣጫ አያያዙ ላይ መጽሐፉ ቀልድ ያበዛል። ትክክለኛው የባሕር ሰዓት ለማስተካከያ 15 ዶላር ቢጠየቅበት ትቶት ሄደ፤ መስታወቱ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰዓት ከ1 ዶላር ተኩል ወደ 1 ዶላር አስቀንሶ ገዛ። በኋላ ሰዓቱ የደቂቃ ዘንጉን ሲያጣ ቀቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን መቁጠር ቻለ። በሰዓት ኬንትሮስን (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የት እንደደረሰ) ለሚፈልግ ሰው የ4 ደቂቃ ስሕተት ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስታል፤ ስለዚህ ቀልዱ አያታልል። ስሎከም ጨረቃ ከፀሐይ ያላትን ርቀት እየለካ በስሌት ያረጋግጥ ነበር። ፓስፊክ ላይ ውጤቱ ከግምቱ በብዙ መቶ ማይል ሲርቅበት ስሕተቱን ያገኘው ከራሱ ሳይሆን ከታተመው የስሌት ሠንጠረዥ ነው። በዚያው ጉዞ ከሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት እስከ ሳሞአ፣ ወደብ ሳይገባ፣ 72 ቀን ሄደ።

ጀልባዋን አስመስለው የሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ መጽሐፉ የማይነግራቸው ጉድለት አለ። የስፕሬይ ማረጋጊያ ክብደት ከውስጥ የታሰረ ኮንክሪት ነበር፤ ከሥሯ እርሳስም ብረትም የላትም። ስፋቷ በመደበኛ ማዕበል እንዳታዘነብል ይጠብቃታል፤ አንዴ ከተገለበጠች ግን ያው ስፋት ተገልብጣ እንድትቀር ያደርጋታል። ስሎከም ራሱ መጽሐፉ ከወጣ 10 ዓመት ሳይሞላ በዚችው ጀልባ ብቻውን ወጥቶ አልተመለሰም፤ ስብርባሪዋም አልተገኘም።